በእሺ የተወረሰች መኪና

ውሳኔው የደረሳት በአንዲት ቅጠል ወረቀት ነው፤ ያውም ግማሹ ማኅተም። «አሽከርካሪው በስልክ በጠየቃት ጊዜ ባለንብረቷ “እሺ” በማለት ተሽከርካሪው እንዲነዳ ፈቅዳለች። ስለዚህ ተሽከርካሪው ተወርሷል» ይላል። መስታወት ቆራጯ ከሱቋ ደጃፍ ቆማ ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ምናልባት የነገሩ ቀሪ እዚያ ተጽፎ ይሆናል ብላ። ጀርባው ባዶ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችባት መኪና በሁለት ፊደል ሄዳለች።

ሰፈሩ ሚሊሜትር ይላታል። ስሙን ያወጣላት አንድ አናጺ ነው። የሠራው የመስኮት ፍሬም ከታዘዘው አንዲት ሚሊሜትር ሰፍቶ ቢመጣ፣ «እህቴ፣ አንዲት ሚሊሜትር ምን ታመጣለች?» አላት። «ዝናብ ታመጣለች» ብላ ፍሬሙን አሸክማ መለሰችው። ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሱት ሊብሬዋና እናቷ ብቻ ናቸው። ሌላ ሰው የለካውን አትቆርጥም። ራሷ የለካችውንም ሁለቴ ካልለካች አትቆርጥም። ሙያውን ያስተማራት አባቷ፣ «ሰው ይቅር ይልሻል፤ መስታወት ግን አይልሽም» ይላት ነበር፤ የጣቶቿ ጠባሳዎችም ለዚህ ምስክር ናቸው።

አባቷ ሲሞት ሦስት ነገር ተወላት፤ ሱቁን፣ ነጯን ፒካፕና ፈረሱን። ፈረስ የሚሉት በፒካፗ ጀርባ ላይ በአራት ብሎን የታሰረውን የእንጨት ማቆሚያ ነው። ከሁለት ወገን አዘንብሎ ጫፉ ላይ ይገናኛል፤ መስታወቱ እንዳይጫር አሮጌ ምንጣፍ ለብሷል። መስታወት ቆሞ ይሄዳል እንጂ ተኝቶ አይሄድም። ያስተኙት መስታወት በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ወገቡ ይቆረጣል። ምንጣፉን አባቷ ከሳሎኑ ወለል ላይ አንስቶ ሳይናገር ነበር የወሰደው፤ እናቷ ስለዚያ ምንጣፍ እስከ ዛሬ ታነሳለች። የፒካፗ ሞተር ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ፈረሱ ግን ያው ነው።

ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ቶሎ ይባላል። «ቶሎ እመለሳለሁ» ሳይል ወጥቶ ስለማያውቅ፣ ብሎም ቶሎ ተመልሶ ስለማያውቅ ነው። ልቡ ቀና ነው፤ ክፉ አያስብም። እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ ሲያርፍ ግን ጭንቅላቱን ቤት ጥሎ ይወጣል። በፍጥነት ሲከንፍ ተይዞ መንጃ ፈቃዱ ለስድስት ወር ታግዶበት ነበር። ይህንን ለእህቱ አልነገራትም። ለምን አልነገራትም ብሎ የሚጠይቅ ሚሊሜትርን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

የዚያን ቀን ረፋድ ላይ ለአንድ በር ቅስት መስታወት እየቆረጠች ነበር። ቀጥ ያለ መስመር ማንም ይቆርጣል፤ ቅስት ግን ትንፋሽ ይጠይቃል። አልማዙን፣ መቁረጫውን ማለት ነው፣ ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክሮ መስታወቱ ላይ ካሳረፉት በኋላ እስኪጨርሱ እጅ ማንሳት የለም። እጁን ያነሳ ሰው መስታወቱን መልሶ ቢጀምረው፣ የሚሰነጠቀው መስታወቱ በፈለገበት ነው። አልማዙን ገና ከማሳረፏ ስልኳ ጮኸ። ማንሳት አልነበረባትም፤ ይህንን እሷም ታምናለች። ነገር ግን በግራ እጇ ትንሽ ጣት ነካ አድርጋ ድምፁን ለቀቀችውና ወደ ቅስቷ ተመለሰች።

«እታለም» አለ ቶሎ ከስልኩ ውስጥ።

«እሺ» አለች።

አንድ ነገር አለ፤ እሺ አለች። ሌላ ነገር አለ፤ እሺ አለች። አሁንም ሌላ አለ፤ እሺ አለች። ጆሮዋ የነበረው አልማዙ ላይ ነው። አልማዝ ደህና ሲሄድ ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ቀጭን ድምፅ አለው፤ ያ ድምፅ ለአፍታ ከተቋረጠ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። የወንድሟ ወሬ የጎረቤት ሬዲዮ ያህል ነበር። ቅስቱን ጨርሳ ቀና ስትል ስልኩ ተዘግቷል። መስታወቱ አንዳች ሳይሰነጠቅ ተላቀቀላትና ደስ አላት። ጠርዙን ልትሞርድ ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ፒካፗ ደጅ ላይ የለችም፤ ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ቁልፉ የለም።

እሺ መቼም ብዙ ሥራ ያለባት ቃል ናት። ሰምቻለሁ ማለት ናት፤ ቀጥል ማለት ናት፤ ተወኝ ማለት ናት። ነገ ከተጨመረባት ደግሞ በጭራሽ ማለት ናት። እነሚሊሜትርን እናታቸው «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እያለች ነው ያሳደገቻቸው። ከሺህ የሚበልጠው ይህ ቃል በፖሊስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ምን እንደሚሆን ግን እናታቸውም አልነገረቻቸውም።

ቶሎ መኪናዋን በወሰደ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀይ መብራት ጣሰ፤ ትራፊክ ፖሊሱ ቁም ሲለው ሸሸ፤ ሲሸሽ አደባባይ ላይ ወጥቶ የመንገድ ምልክት ገጨና ቆመ። ሰው አልተጎዳም። ተከሰሰ፤ ጥፋቱን አመነ፤ አሥራ አምስት ቀን ታሰረና ወጣ። መኪናዋ ግን አልወጣችም፤ መንጃ ፈቃዱ ለታገደ ሰው ፈቅዶ የሰጠ ባለንብረት መኪናው ይወረሳል ተባለ። ያጠፋው ሰው ፊቱን ታጥቦ ቤቱ ሲገባ፣ እጅና እግር የሌላት መኪና እስር ቤት ቀረች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ሚሊሜትርን እርር ድብን ያደረጋት ደግሞ ቃሉ ነበር፤ ተወረሰ የሚለው። እሷም መኪናዋን የወረሰቻት ነበር፤ ከአባቷ። ያኔ ግን ሰው ሞቶ ነው።

ይግባኝ ልትጠይቅ ውሳኔውን ወደሰጠው ቢሮ ሄደች። መስኮት ቁጥር አራት ላይ ያለው ሠራተኛ፣ ለክፋት እንኳ አልነበረም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከራት።

«ቀላል መንገድ አለ እኮ። ሳልፈቅድለት ሰርቆ ነው የወሰደው ብለሽ ክሰሺው። መኪናሽ በማግስቱ ትወጣለች።»

«እሱስ?»

«እሱማ በስርቆት ይጠየቃል።»

«ወንድሜ ሌባ አይደለም» አለች ሚሊሜትር። «ደደብ ነው። ለደደብ መስኮት ቁጥር ስንት ነው?»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ሱቋ ስትመለስ ቶሎ ደጃፉ ላይ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከተፈታ ጀምሮ ዓይኗን ማየት ፈርቶ ነበር የከረመው። ሠራተኛው ያላትን ነገረችው።

«በያ እታለም» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ሌባ በይኝ። እችለዋለሁ። እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

ቆማ አየችው። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ማሰሮ ሰብሮ የተያዘ ልጅ ይመስል ነበር። አሳዘናት፤ ንዴቷም አልበረደም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያዘቻቸው።

«እኔ ያልለካሁትን አልቆርጥም» አለችው። «አልሰረቅከኝም፤ ሰረቀኝ አልልም። ስለ መንጃ ፈቃድህ ዋሽተኸኛል፤ እሱን ገና እናወራበታለን፤ አንተን አልጨረስኩህም። አሁን ተነሥና ይቺን መስታወት አብረኸኝ ተሸከም።»

ይግባኝ ለማለት ወንድሟ ለፖሊስ የሰጠው ሙሉ ቃል ግልባጭ ያስፈልጋል ተባለች። ውሳኔው የጠቀሰው ከዚያ ቃል ውስጥ አንዲቷን እሺ ብቻ ነዋ። መዝገብ ቤት ሄደች። የመዝገብ ቤቷ ሴት ፊቷን ሳታነሳ «እሺ፣ ነገ ነይ» አለቻት። በነገታው ሄደች። «እሺ፣ ፋይሉ ላይኛው ፎቅ ነው፤ ሰኞ።» ሰኞ ሄደች። «እሺ፣ ይታያል።» እንዲህ እየተባለች ስድስት ሳምንት ሙሉ ደረጃ ወጣች፤ ደረጃ ወረደች። ሃያ ስድስት ደረጃ ነው፤ አሥራ ሦስተኛው ጠርዙ ተሸርፏል። ሚሊሜትር ናትና ይህን አትስተውም።

በዚህ መካከል ሥራዋ ይፈሳል። አንድ ትምህርት ቤት በረዶ የሰባበረበትን የአራት ክፍል መስኮት አዝዟት ነበር። በተከራየችው ጋሪ ላይ የመጀመሪያውን ጭነት ምንጣፍ ደልድላ አስተኝታ ላከች። የደረሰው ሁለት ሦስተኛው ነው፤ የቀረው በመንገድ ላይ ወገቡ ተቆርጦ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ጨዋ ሰው ነው፤ አልተቆጣትም፤ ሥራውን ግን ለሌላ ሰጠው። በዚያው ሰሞን በቢሮው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሐራጅ ዝርዝር ተለጠፈ። ሦስተኛው ተራ ላይ «ፒካፕ፣ ነጭ፣ አሮጌ» ይላል። ቀኑ የዛሬ ወር ነው። ሚሊሜትር አሮጌ የምትለዋን ቃል ብዙ ጊዜ ቆማ አየቻት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እነዚህ ንቀውም ነቅንቀውም አጥሩን ሊሸጡት ነው።

በሰባተኛው ሳምንት ግልባጩ ተሰጣት። ሁለት ገጽ ነው። ኮሪደሩ ውስጥ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ወንድሟ ሞኝም ቢሆን፣ ውሸት ከተያዘበት በኋላ እውነቱን ሳያስቀር የሚዘከዝክ ሰው ነው፤ የስልኩን ወሬ አንድ ባንድ ነግሯቸዋል። የተቀበለው ፖሊስም ሰነፍ አልነበረም፤ አንድ ባንድ ጽፎታል። ሚሊሜትር ገጹን ስትጨርስ ተመልሳ ሦስተኛውን መስመር አነበበች። ከዚያ ወረቀቱን እንደ መስታወት በሁለት እጇ ይዛ ደረጃውን ወረደች።

ይግባኝ ሰሚዎቹ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች ሴት ናት፤ በስተቀኝዋ ጸሐፊው፣ በስተግራዋ አንድ ወፍራም ሰው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ያለው መስኮት ተሰንጥቆ በፕላስተር ተጠግኗል። አርባ ሁለት በስልሳ፣ ባለ አራት ሚሊ፣ አለች ሚሊሜትር በሆዷ፤ ልማድ ሆኖባት።

«ይናገሩ» አለች ሰብሳቢዋ ፋይሉ ላይ እንዳቀረቀረች።

«ውሳኔው እሺ ብላ ፈቅዳለች ይላል። እሺ ማለቴን አልክድም። ምን ሲለኝ እሺ እንዳልኩ ግን ወንድሜ ራሱ ነግሯችኋል። ላንብበው።»

«እሺ።»

ሚሊሜትር ወረቀቱን ዘረጋች። «“እታለም፣ ሥራ ላይ ነሽ ወይ? አልኳት። እሺ አለችኝ። መኪናዋ ደጅ ናት አይደል? አልኳት። እሺ አለችኝ። ቁልፉ የት ነው? አልኳት። እሺ አለችኝ። ልወስዳት ነው፣ ቶሎ እመለሳለሁ አልኳት። እሺ አለችኝ።”»

ወፍራሙ ሰው ሳቁ አምልጦት ወደ ሳል ለወጠው።

«ቁልፉ የት ነው ለሚል ሰው እሺ ተብሎ ይመለስለታል?» አለች ሚሊሜትር። «መሳቢያ ውስጥ ነው ይባላል፤ ሚስማሩ ላይ ነው ይባላል። እኔ እየሰማሁት አልነበረም። መስታወት ላይ ነበርኩ። አልማዝ ከተጀመረ እጅ አይነሳም፤ ጆሮም አይነሳም። ከአራቱ እሺ ሦስቱን ጥላችሁ አራተኛዋን ብቻ አንስታችሁ መኪናዬን ወሰዳችሁብኝ።»

«እሺ» አለች ሰብሳቢዋ። እስክሪብቶዋን ይዛ ገጽ ትገልጣለች። የያዘችው ገጽ የሚሊሜትር እንኳ አልነበረም፤ የሚቀጥለው ባለጉዳይ ፋይል ነበር።

ሚሊሜትር ደሟ ፈላ። ሰባት ሳምንት የሰማቻቸው እሺዎች ሁሉ፣ የመዝገብ ቤቱም፣ የመስኮት ቁጥር አራቱም፣ የቢሮው በር ጥበቃውም፣ አንድ ላይ መጡባት። ልትጮህ ነበር። ይልቁንም ድምፅዋን ለስላሳ አደረገችው፤ ቅስት ስትጀምር እንደምታደርገው ትንፋሽዋን ያዘች።

«እንግዲያው መኪናዬን ዛሬውኑ ይዤ እሄዳለሁ» አለች።

«እሺ፣ ይቀጥሉ።»

ወደ ጸሐፊው ዞረች። «ይጻፉልኝ። ሰብሳቢዋ እሺ ብለዋል።»

የጸሐፊው እስክሪብቶ ቆመ። ሰብሳቢዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ መነጽሯን አወለቀች። «ምንድን ነው ያልሽው?» አለች፤ እርስዎ ማለቱም ጠፋባት።

«መኪናዬን ይዤ ልሂድ አልኩ። እርስዎም እሺ አሉ። ሁለቱም ሰዎች ሰምተዋል። ፈቀዱልኝ ማለት ነው።»

«እኔ እኮ እያነበብኩ ነው!»

«እኔም እየቆረጥኩ ነበር» አለች ሚሊሜትር።

ሰብሳቢዋ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ፊቷ ቀላ፤ የሌላውን ፋይል ዘግታ ወደ ጎን ገፋችው። የሚሊሜትርን ወረቀት ተቀብላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሷ አነበበችው።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለች ሲያልቅ። «ብትሰሚው ኖሮ ትሰጪው ነበር?»

አልሰጠውም ብትል ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሚሊሜትር ይህንን ካወቀች ገና ሰባት ሳምንቷ ነው። ለካችው፤ ሁለተኛም ለካችው።

«እሰጠው ነበር» አለች። «ወንድሜ ነው። መንጃ ፈቃዱ መታገዱን ቢነግረኝ ግን ቁልፉን እውጠው ነበር እንጂ አልሰጠውም። አልነገረኝም። ስለሱ እሺም እንቢም አላልኩም፤ የጠየቀኝ የለምና።»

ኮሪደር ውስጥ እንድትጠብቅ ተነገራት። ለአርባ ደቂቃ ያህል ጠበቀች። ተመልሳ ስትገባ ሰብሳቢዋ ቃል በቃል እያነበበች ነገረቻት፤ ባለንብረቷ እገዳውን ታውቅ እንደነበር አልተረጋገጠም፤ በስልኩ የተባለውም እንደ ፈቃድ አይቆጠርም፤ ውሳኔው ተሽሯል፤ ተሽከርካሪው ለባለቤቷ ይመለስ። ሚሊሜትር ወረቀቱን ተቀብላ እዚያው ፊታቸው ቆማ ሁለቴ አነበበችው። ጀርባውንም አየችው።

በማግስቱ ጠዋት የተያዙ መኪናዎች ወደሚቆሙበት ግቢ ሄደች። ፒካፗ በአንድ ጎማ የለሽ አውቶቡስና በሞተር ሳይክሎች መካከል አቧራ ለብሳ ቆማለች። ሚሊሜትር ሮጣ ሄዳ በሯን ነካች፤ ከዚያ ወደ መኪናዋ ጀርባ ዞረች። ፈረሱ የለም። አራት የብሎን ቀዳዳ ብቻ አፉን ከፍቶ ይታያል።

ዙሪያዋን ቃኘች። ከበሩ አጠገብ ካለችው የጥበቃ ጎጆ ላይ አዲስ ጥላ ተደግፏል፤ ያዘነበለ፣ የእንጨት፣ ምንጣፍ የለበሰ። የእናቷ ምንጣፍ። ሽማግሌው ጥበቃ ከሥሩ ተቀምጠው እግራቸውን ዘርግተዋል።

«ጋሼ» አለች። «ይሄን ማነው ከመኪናዬ ላይ ያወረደው?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ፀሐዩ አናቴን ሊበሳው ነበር። ለሐራጅ የምትሄድ መኪና ናት ብዬ።»

«ማን ፈቀደልዎት?»

«ዝም ብዬማ አልነካሁም» አሉ ሽማግሌው ቅር ብሏቸው። «ኃላፊውን ጠይቄ ነው። ጌታዬ፣ ከዚያች ነጭ ፒካፕ ላይ እንጨቱን ላውርደው ወይ? አልኳቸው። ስልክ እያወሩ ነበር። እሺ አሉኝ።»

ሚሊሜትር የምትቆጣውን ሰው መፈለግ ጀመረች። ሽማግሌውን ሌባ እንዳትላቸው ጠይቀዋል። ኃላፊው ፈቅደዋል እንዳትል፣ በስልክ መሀል የተባለ እሺ ፈቃድ አይደለም ብላ ትላንት ያሸነፈች እሷው ናት፤ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ አለ። የምትቆጣው ሰው አጥታ በዚያ ፀሐይ ላይ ቆመች።

«ንብረቱስ ያንቺው ነው» አሉ ሽማግሌው እያቃሰቱ ሲነሱ። «ላፍርስልሽ?»

እሺ ልትል ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ዋጠቻት።

«አዎ» አለች። «ያፍርሱት። አሁን፣ እኔ ቆሜ እያየሁ። ብሎኖቹንም ፈልገው ይስጡኝ፤ አራት ናቸው።»

ሽማግሌው ሦስቱን አገኙ። አራተኛውን ማን እንደወሰደው አላወቁም። ፈረሱን አንሥተው መኪናዋ ላይ ሲጭኑት የጎጆዋ ደጃፍ እንደገና ፀሐይ ሆነ፤ እሳቸውም ወንበራቸውን ወደ አጥሩ ጥግ ገፉ። ሚሊሜትር ይህንን አየች። ሜትሯን ከኪሷ አውጥታ የጎጆዋን ደጃፍ ለካች፤ ሁለቴ ለካች። ከዚያ ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጣች። የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነበር፤ አንድ ብሎን ለእሷ፣ አንድ ጥላ ለሽማግሌው።

ኃላፊው ስልክ እያወሩ ነበር። በሩ ላይ ሲያዩዋት በእጃቸው ግቢ አሏት፤ ከንፈራቸውም «እሺ፣ ምን ነበር?» የሚል ይመስላል። ሚሊሜትር ገባች። አልተቀመጠችም፤ አንድ ቃልም አልተናገረችም። ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ቆማ ጠበቀች።